እማማ ቆርቆሮ እና የጭልፊቶቹ ቀን

አክስቴን ሰፈርተኛው ሁሉ «እማማ ቆርቆሮ» ነው የሚላት። ዶሮ አርቢ ናት። ከቤቷ ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ በሽቦ የታጠረች ጓሮ አለቻት። የወፍ ጥላ ሽው ባለ ቁጥር የቀለም ቆርቆሮ በማንኪያ ትደበድባለች፤ ጸጉር ቤቱ ድረስ ይሰማል። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፣ እንቁላሏን ለሱቆች አደርሳለሁ። ማሳመሩ አይሆንልኝም፤ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ።

በየዓመቱ ብርዱ ሊገባ ሲል ጭልፊቶችና ንስሮች ከሩቅ አገር ተነስተው በሰፈራችን ሰማይ ያልፋሉ። ያን ቀን በዓል አድርገነዋል፤ ሙዚቃ አለ፣ ወንበር ይወጣል፣ ልጆች የካርቶን ክንፍ ያስራሉ። ሰማዩ ደግሞ እንደ አክስቴ ጓሮ የሚታይበት ቦታ የለም።

ዘንድሮ የበዓሉ ሰብሳቢ ጸጉር አስተካካዩ ነው። ከደንበኛው ጸጉር ይልቅ ለራሱ ሪዝ የሚጨነቅ ሰው ነው። ሊለምናት መጣ።

«እማማ፣ ጓሮዎን ለአንድ ቀን ያውሱን። ያን ቆርቆሮም እባክዎ አይምቱ፤ ወፎቹ ይበረግጋሉ።»

«ጫጩት አስፈልፍዬ ለጭልፊት ድግስ ልደግስልህ?»

እውነቷን ነው። አምና ጭልፊት ጫጩቶቿን እየለቀመ ጨርሶባታል። እናትየዋ ዶሮ ከዚያ ወዲህ ስትፈለፍል ገና አሁን ነው።

«እነዚህ እኮ መንገደኞች ናቸው እማማ፣ አይወርዱም።»

«መንገደኛ አይርበውም?»

«አንድ ጫጩት ቢነካ ሪዜን ልላጭ!»

አክስቴ ሪዙን አየችው፣ ሳቋ አመለጣት። «እሺ፣ ለሰማዩ ወፍ ቆርቆሮ አልመታም፤ ለሪዝህ ግን ምስክር አለኝ» ብላ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ቀኑ ደረሰና ጓሮው ሞላ። ሁሉም አንገቱን ሰቅሏል። አክስቴ ብቻ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጫጩቶቿን ትጠብቃለች።

«መጡ! መጡ!» ተባለ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ፣ እየዞሩ ከፍ አሉ። ልጆቹ የካርቶን ክንፋቸውን ዘረጉ።

ያኔ ቆርቆሮው ጮኸ።

«እማማ! ቃልዎስ?»

«ቃሌ ለሰማዩ ነው! ሌባው በምድር መጣ!»

ዞር ብለን ስናይ ድመት ናት፤ በሰው እግር መሃል ተሹለክልካ ሽቦው ሥር ገብታለች። ያውም የጸጉር ቤቱ ድመት! ሰብሳቢያችን በጉልበቱ ወድቆ ማጅራቷን አፈፍ አደረገ። ጫጩቷ ለጥቂት ተረፈች፣ ሪዙም አብሮ።

«ጭልፊቱን ከላይ ስንጠብቅ ጸጉር ቤት ተገኘ!» አለ አንዱ፤ ጓሮው በሳቅ ፈረሰ።

ወፎቹ ለቆርቆሮው ዘወርም አላሉ። አክስቴ ቆርቆሮዋን ለጸጉር አስተካካዩ አስታቀፈችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ብዙ ቆየች።

«እንዲህ ያምሩ ኖሯል?»

«እማማ፣ በአንድ እጄ ድመት፣ በአንድ እጄ ቆርቆሮ... ክንዴ ዛለ እኮ።»

«ዝም ብለህ ያዝ! ገና አላለፉም» አለችው፣ ዓይኗን ከሰማይ ሳትነቅል።