ሾፌር የማይፈልገው ድራይቨር

የወረታዋ የኮምፒውተር መምህርት ውባንቺ ነገር ከያዘች አትለቅም። አምና የያዘችው ነገር የቴሌቪዥን ካርድ ነበር። ትምህርት ቤቱ በስጦታ ባገኛቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ተሰክቶ የመጣ ካርድ ነው፤ የዲሽ ገመድ ቢሰኩበት በሳተላይት የሚተላለፈውን ትምህርት ክፍል ድረስ ያመጣል። ኢንተርኔቱ እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ብሎ ለሚጠፋበት ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን የኮምፒውተሮቹ ቫይረስ ቢያስቸግራት ዊንዶውሱን አጥፍታ በምትኩ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት ጭናባቸዋለች፤ ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው፣ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ደግሞ የተጻፈው ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ለሊኑክስ እንዲሆን እንደገና መጻፍ አለበት። ብቻዋን ሞከረች፤ አልተገፋላትም።

መናኸሪያው አጥር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፦ «ለተማሪዎች በነፃ የሚያገለግሉ የድራይቨር ባለሙያዎች ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤት ይምጡ።»

ቅዳሜ ግቢው በባጃጅ ተሞላ። ከኋላ አንድ አይሱዙ ቆሟል።

«መምህርት፣ ልጆቹን የት ነው የምናደርሳቸው?» አለ ሩዝ የሚያመላልሰው ጎልማሳ ሾፌር፣ ካሴ። «ወንዛዬ ፍል ውኃ ከሆነ እኔው እበቃቸዋለሁ።»

ነገሩ ሲገባት ፊቷ በርበሬ መሰለ። እያፈረች አስረዳቻቸው። እየሳቁ አንድ በአንድ ወጡ። ካሴ ግን አልሄደም፤ ካርዱን እያገላበጠ አየው።

«ካርዱ ሌላ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ይሰማል። አስተርጓሚ ጠፋ በይኛ!»

«ልክ እንደሱ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሰው በወረቀት ይጠራል? ጎንደር እወጣለሁ፣ ባሕር ዳር እወርዳለሁ። ሰው በአፍ ነው የሚጠራ።»

ከዚያ ወዲያ ካሴ በቆመበት ሁሉ «ሊኑክስ የሚያውቅ አለ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ብዙዎቹ የመኪና ዕቃ መስሏቸው «እዚህ አይገኝም» አሉት። ደብረ ታቦር ላይ ሩዝ ሲያራግፍ ግን ሰብለ ወንጌል የምትባል የኮምፒውተር ተማሪ «እኔ አውቃለሁ፤ ምን ሊደረግ?» አለችው። ጋቢና አስቀምጦ አመጣት። እሷ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋን አዛናውን ጠራች።

ክረምቱን ሙሉ፣ ሜዳው ላይ ገበሬው ውኃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ሲያርም፣ ውባንቺና ሁለቱ ተማሪዎች ከኮምፒውተሩ አልተነሡም። የጻፉትን መብራት እየሄደ ያጠፋባቸዋል፤ ይደግሙታል። አንድ ቀን አዛናው ተስፋ ቆርጦ «ይኸ ካርድ ሞቷል፣ እንቅበረው» አለ። ሰብለ ወንጌል ካርዱን ነቅላ፣ የሚሰካበትን ጥርሱን በጨርቅ ጠርጋ መለሰችው። ለካስ አቧራም አሲሮባቸው ኖሯል፤ ካርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ሰጠ።

ጳጉሜን ላይ በኮምፒውተሩ ስክሪን ነጭ ጉም ተርመሰመሰ፤ ከጉሙ ውስጥ ጠመኔ የያዘ የኬሚስትሪ መምህር ብቅ አለ። ውባንቺ እልል አለች። ድምፅ የለውም፤ ሰውየው አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

መስከረም ላይ ተማሪዎቹ ድምፅ አልባውን ትምህርት ሲከታተሉ ውባንቺ ከጎን ቆማ ታስረዳቸው ጀመር። ድምፁን የማምጣቱን ሥራ ካሴ ከጎንደር ያገኘው አንድ መሐንዲስ ይዞታል። ትናንት ደውሎ «መንጫጫት ጀምሯል፤ ንግግር ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል» ብሏታል።