ሃያ ኮምፒውተር፣ ስልሳ አንድ ልጅ

የፊዚክስ መምህርቷ ቋሚ ተቀጣሪ ለመሆን የቀራት አንድ ፊርማ ነው። ፊርማው ያለው ርዕሰ መምህሩ እጅ ነው፤ መምህራኑ በሌለበት «ሪፖርቱ» የሚሉት፣ ያልተሠራውን ሁሉ በወረቀት ሠርቶ የሚያድር ሰው። ዘንድሮም ለበላይ ቢሮ «ለአንድ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር አድርሰናል» ብሎ ጽፏል። ያሉት ሃያ ናቸው። የእሷ ክፍል ልጆች ስልሳ አንድ።

ሐሙስ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለና ጠራት። በድረ ገጽ የታገዘ ትምህርት አሳዪ፣ ፊርማውን በዚያው እጨርስልሻለሁ አላት። ቀጥሎ ሃያ ስም የሰፈረበት ወረቀት አቀበላት። የቀሩት አርባ አንዱ በዚያ ሰዓት ሜዳ ያጽዱ። አርባ አንድ ልጅ አስወጥቶ ትምህርት ማሳየት ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። እንዲህ የሚደፍሩን፣ እንዲህ ያለውን ሰምተን አንገት ደፍተን መውጣት ስለለመደብን ነው። እሷም ወረቀቱን ይዛ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት በድረ ገጹ ያዘጋጀችውን ጥያቄ በስልኳ ከፍታ በልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ ላይ ሞከረች። መቀስና የሸሚዝ ቁልፍ ከእኩል ከፍታ አንድ ላይ ቢለቀቁ የቱ ቀድሞ መሬት ይነካል? ስልኩ ለመልስ የተሰጠውን ሃያ ሰከንድ መቁጠር ጀመረ። እህቷ መቀሱን በእጇ እየመዘነች ቆይ እንጂ፣ አታዋክቢኝ ስትል ሰዓቱ አለቀ። ደገሙት፤ አሁንም አለቀ። በመጨረሻ ስልኩን ወዲያ ገፋችና ሁለቱንም ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ለቀቀቻቸው። እኩል ወደቁ። ሦስት ጊዜ ጣለቻቸው።

«ሠላሳ ዓመት መቀስ ሲወድቅብኝ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩም» አለች። «አንቺ ደግሞ፣ እኔን እንዲህ ያጣደፍሽ ልጆቹንማ ታስለቅሻቸዋለሽ።»

መምህርቷ እዚያው ተቀምጣ ሰዓት ቆጣሪውን አጠፋችው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ መጨረሻ እያለ ስም የሚደረድረውንም ሰንጠረዥ አነሳችው። በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሦስት ልጅ፣ አንዱ ቡድን ላይ አራት። ቡድኑ ሳይስማማና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ መልስ መላክ የለም። መልሱም በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ በዓምድ ብቻ ይታያል። ስትቆጥረው ስልሳ አንዱም ገቡ።

ሐሙስ ሁሉንም ይዛ ገባች። ሪፖርቱ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዝርዝር አልሰጠሁሽም?»

«ሰጥተውኛል።»

«ታዲያ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የክፍሌ ልጆች ናቸው።»

ሊቀጥል ሲል ጎብኚዎቹ ከኋላው ደረሱ።

ጥያቄው ግድግዳው ላይ በራ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፤ አንድም መልስ የለም። ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ከማውሱ ላይ ያነሳል። ሪፖርቱ ጆሮዋ ሥር መጥቶ ይጫኑ በያቸው አላት። እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። አራተኛው ደቂቃ ላይ ዓምዶቹ ማደግ ጀመሩ። ከሃያው ቡድን አሥራ ሰባቱ መቀሱ ይቀድማል ብለዋል። አዋረድሽን አለ ሰውዬው በጥርሱ መሃል።

መልሱን አልነገረቻቸውም። መቀየር ትችላላችሁ፣ ግን አሳምኑኝ አለቻቸው። ከዝርዝሩ ውጭ ከነበሩት አንዷ፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ የኋላ ወንበር ልጅ፣ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ከምንጨቃጨቅ ለምን አንጥላቸውም?»

መምህርቷ ከእህቷ ያመጣችውን መቀስና ቁልፍ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ጣለቻቸው። የተሰማው አንድ ድምፅ ነው። ወዲያው ማውሶቹ ተንጫጩ፤ ግድግዳው ላይ ረጅሙ ዓምድ እየሟሸሸ ወረደ።

መነጽር ያደረጉት አዛውንት ሴት ጎብኚ ግን የሚቆጥሩት ሌላ ነበር። ለአንድ ተማሪ አንድ የተባሉት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የት እንዳሉ ጠየቁ። ሪፖርቱ ወደ መምህርቷ ዞሮ ፈገግ አለላት። ፈገግ ሲልላት የመጀመሪያው ነው።

«ጥገና ላይ ያሉትን ንገሪያቸው እንጂ።»

ፊርማው እዚያች ፈገግታ ውስጥ ነበር።

«ያሉን እነዚህ ሃያ ናቸው» አለች። «የታዘዝኩትም ሃያ ልጅ ብቻ እንዳስገባ ነበር።»

ሴትዮዋ ጻፉት። ሪፖርቱ አጠገቧ ሲያልፍ፣ እንግዲህ ፊርማውን ከእሳቸው ለምኚ ብሏት እንግዶቹን እየመራ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲስቅ ተሰማ።

ከኋላ ወንበር፣ ሁለተኛው ጥያቄ ለምን አይከፈትም የሚል ጭቅጭቅ ተነሥቷል። ከፈተችላቸው።