ሮዝ የሆነው ስለት

እትዬ ዴኦሊንዳ ባሏን ከባሕር ያስመለሰችው በአበባ ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ለሰማትም ላልሰማትም ስትናገረው የኖረች እሷ ናት። ባሏ ዤርማኖ ቱና ሊያጠምድ ወጥቶ የጀልባው ሞተር ቀጥ አለና ማዕበል ሦስት ቀን ሲያንገላታው ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተንበርክካ፣ "እመቤቴ፣ ያንን ሰውዬ ከነጉድለቱ መልሺልኝ፤ በየዓመቱ ለበዓልሽ ደጃፌን ከገዛ ቁጥቋጦዬ በቀጠፍኩት ሰማያዊ አበባ አነጥፍልሻለሁ" ብላ ተሳለች። በማግስቱ ዤርማኖ ተመለሰ፤ ከነጉድለቱ።

በደሴታችን በፍልሰታ በዓል እያንዳንዱ ቤት ከበሩ ፊት ያለውን መንገድ በአበባ ምንጣፍ ያለብሳል፤ የእመቤታችንን ምስል የተሸከሙት ሰዎች በዚያ ላይ ያልፋሉ። የእትዬ ዴኦሊንዳ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ምስሏ ከመግባቷ በፊት የምትቆመው እሷ ምንጣፍ ላይ ነው። ጎረቤቷ ኩስቶዲያ ግን የምትኖረው ቁልቁለቱ ላይ ነው። "እኔ ደጅ ስትደርስ እመቤታችን ትሮጣለች" እያለች ሠላሳ ዓመት አዝናለች።

አበባው ኦርቴንሲያ ነው፤ አንዱ ራስ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። እኛ ዘንድ የላም ግጦሽ የሚታጠረው በእሱ ነው፤ ደሴቱን ብትዞሩ ሰማያዊ ያልሆነ አታገኙም። እንግዲህ በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው የእትዬ ዴኦሊንዳ ቁጥቋጦ የመጀመሪያውን አበባ ሲያወጣ፣ አበባው ሮዝ ሆኖ ወጣ። እንደ ሕፃን ካልሲ ያለ ሮዝ።

እኔ ያኔ የወተት መቀበያው ላይ እሠራ ነበር። ወተት አምጪዎቹ ሳይመጡ ማልዳ ደረሰች፤ ሽርጧ ሥር የሆነ ነገር ደብቃለች፤ የሰው ዶሮ የሰረቀች ትመስላለች።

"ሊበራቶ፣ አንተ መጽሐፍ ታነባለህ አይደል?"

"እሞክራለሁ፣ እትዬ ዴኦሊንዳ።"

"እንግዲያው ይህን አንብብልኝ" ብላ አበባውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

አላወቅሁም አልኳት። እሷ ግን ምክንያቱን ይዛ ነው የመጣችው። ወይ ኃጢአት ነው፣ ወይ ኩስቶዲያ ናት። ኃጢአቷን ቆጠረችልኝ፦ በሁዳዴ የቋሊማ ጫፍ ቀምሳለች፤ "ለድመቷ ስቆርጥ ነው" አለች። የኩስቶዲያን ኬክ ደግሞ ጥሩ ነው ብላ ዋሽታለች።

"ስለቴን ካላደረስኩ እመቤታችን ዕቃዋን ትወስዳለች" አለችኝ።

ዕቃው ዤርማኖ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕር እንዳይወርድ ከለከለችው። ዓሣ ማጥመጃውን ይዞ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ከሩቅ ሲያይ ይውላል።

"ዕቃ ነኝ እንዴ የምወሰደው?" ይላታል።

"ዋስህ አበባው ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ።"

በሳምንቱ ገንዳ ውስጥ መታጠብም ቀረ። "ውሃ ያው ውሃ ነው" አለች። ዤርማኖ በበኩሉ አልተከራከረም፤ ሲፈጥረው መታጠብ የሚወድ ሰው አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ግን ቡና ቤቱ ውስጥ ሰዎች ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተው መቀመጥ ጀመሩ።

እትዬ ዴኦሊንዳ ኃጢአቷን ለማንጻት የምታውቀው አንድ መንገድ ነበር፤ ኖራ። ለበዓል ግድግዳውን፣ የዛፉን ግንድ፣ የደረጃውን ድንጋይ ሳይቀር በኖራ እናነጣለን። እሷም እንደ አምናው ግድግዳዋን ቀባች፤ የተረፈውንም እንደ አምናው፣ ቁጥቋጦው በንጹሕ ቦታ እንዲቆም ብላ፣ ሥሩ ላይ ደፋችው። ቀጥሎ የወጣው አበባ ከመጀመሪያው የባሰ ሮዝ ሆነ። ደግማ ቀባች።

አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አለኝ። የመንደሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሚጣሉት መሐል ያነሳሁት ነው። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ገጾች የሉም፤ ስለዚህ ኬሚስትሪ እንዴት እንደሚጀምር እስከ ዛሬ አላውቅም። መሐሉን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድ ማታ ስገልጠው ስለ ጥቅል ጎመን የሚናገረው ገጽ ወጣልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጎደሉት መሐል አልነበረም።

በማግስቱ ሐምራዊ ጥቅል ጎመን ይዤ ወደ እትዬ ዴኦሊንዳ ወጥ ቤት ሄድኩ። ከትፌ ቀቀልኩና ሐምራዊውን ውሃ በአራት ብርጭቆ ቀዳሁ። በአንዱ አቼቶ ጠብ ሳደርግ ሮዝ ሆነ። በሁለተኛው ትንሽ ኖራ ስጨምር አረንጓዴ ሆነ። እትዬ ዴኦሊንዳ አማተበች። በሦስተኛው ከግጦሹ አጥር ሥር ያመጣሁትን አፈር ጨመርኩ፤ ወደ ሮዝ አዘነበለ። በአራተኛው ከእሷ ቁጥቋጦ ሥር የቆፈርኩትን አፈር ጨመርኩ፤ አረንጓዴ።

"አየሽ፣ እትዬ" አልኳት፤ "ሎሚ፣ አቼቶ፣ የኮመጠጠ ወተት በአንድ ወገን ናቸው፤ አሲድ ይባላሉ። ኖራ፣ አመድ፣ ሳሙና በወዲያኛው ወገን ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ እንደ አማትና ምራት አንዱ የሌላውን ጉልበት ይሰብራል። የእኛ አፈር ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ዝናብም ሲያጥበው ኖሯል፤ ስለዚህ ወደ አሲዱ ያደላል። በእንደዚያ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟል፤ አበባው ይጠጣውና ሰማያዊ ይሆናል። ኖራ ሲገባ ግን አሉሚኒየሙ አፈሩ ውስጥ ይቆለፍበታል።"

"አሉሚኒየም? የድስቴ?"

"የድስትሽ ዘመድ።"

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። "ጎመኑ በአቼቶ ሮዝ ሆነ፤ አበባዬ በኖራ ሮዝ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።"

"ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ግን አይነጋገሩም።"

"እንደ እኔና ኩስቶዲያ" አለ ዤርማኖ ከበሩ ላይ ሆኖ የሚስቱን ድምፅ እየኮረጀ። በጠረኑ ምክንያት ወጥ ቤት መግባት ተከልክሏል።

እትዬ ዴኦሊንዳ አልሳቀችም። "ስለዚህ ኩስቶዲያ አይደለችም። ቋሊማውም አይደለም። ለእመቤታችን ብዬ የደፋሁት ኖራ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ሦስቴ የደፋሁት?"

"ስንቴ እንደደፋሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

"አምስቴ" አለች ቀስ ብላ።

ነጩን አፈር በአካፋ አወጣን፤ የአጥሩን አፈርና የጥድ ቅጠል መለስንበት። ወተት ልቀበል ስሄድ ግን ትዕግሥቷ አለቀ፤ አምስት ሊትር አቼቶ ይዛ ወጥታ ለቁጥቋጦውም ለግድግዳውም አጠጣች። ስመለስ ግድግዳው እየተንጨረጨረ አረፋ ያወጣል፤ እሷ መቁጠሪያዋን ይዛ ፊቱ ቆማለች።

"ሰይጣኑ እየወጣ ነው" አለችኝ።

"ጋዝ ነው፣ እትዬ። በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ።"

"ታዲያ ግድግዳዬ ውስጥ ማን ከተተው?"

ይህን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። የቁጥቋጦው ቅጠል ዳር ዳሩ ተቃጥሎ ነበር። መጽሐፌ የሚለው የአሉሚኒየም ጨው ስጡት ነው፤ በደሴታችን ግን ከየት ይገኛል? ቅዳሜ ኤቫሪስቶ ጋ ልላጭ ሄድኩ። ኤቫሪስቶ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። እንደ ልማዱ አገጬን ቆረጠኝና ደም ማቆሚያውን ነጭ ድንጋይ አሸልኝ። ሲለበልበኝ ስለ አሉሚኒየም ጨው የሚናገረው ገጽ ትዝ አለኝ። ያ ድንጋይ የአሉሚኒየም ጨው ነው። የእጁን ነገር ስለሚያውቅ አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ በመሳቢያ አስቀምጧል።

"አልሰጥም" አለ። "ያለ ድንጋዩ እኔ ፀጉር አስተካካይ ሳልሆን ወንጀለኛ ነኝ።"

እትዬ ዴኦሊንዳ ራሷ መጣች። "ኤቫሪስቶ፣ ዤርማኖን ባሕር ቢወስደው ደንበኛ ታጣለህ።"

"ዤርማኖ የሚላጨው በዓመት ሁለቴ ነው።"

"ሁለቱንም ታጣለህ።"

ኤቫሪስቶ ተነፈሰ። "ባሕሩ ደግሞ አሁን ባለበት ሁኔታ የሚወስደው አይመስለኝም" አለና መሳቢያውን ከፈተ።

ድንጋዩን ፈጭቼ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አንድ ማንኪያ በአንድ ባልዲ ውሃ እያሟሟሁ ሰጠሁ። እሷ ሁሉም በአንዴ እንዲገባ ፈለገች። "መድኃኒት ነው እንጂ ድግስ አይደለም" አልኳት፤ "ሲበዛ ሥሩን ያቃጥላል፤ የተረፈው ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ውስጥ ዓሣውን ይነካል። አፈር የሰጡትን ይዞ አይቀርም፤ ለጎረቤት ያካፍላል።" ለኩስቶዲያ ቢደርሳት ግድ እንደሌላት ነገረችኝ፤ ለዓሣው ግን ራራች።

የተረፉትን ድንጋዮች ግን እስከ በዓሉ አልመልስም ስላለች፣ በመንደሩ ያሉ ወንዶች መጀመሪያ አገጫቸው ላይ ቁራጭ ጋዜጣ ለጥፈው ዞሩ፤ ከዚያ መላጨቱን ተዉት። በዓሉ ሲደርስ ቄሱ መድረክ ላይ ወጥተው ፊታቸው የተቀመጡትን ጺማሞች ሲያዩ፣ ሐዋርያት የመጡባቸው መስሏቸው አማተቡ።

በበዓሉ ጠዋት ከእትዬ ዴኦሊንዳ ጋር የቁጥቋጦውን አበቦች ቆጠርን። ቀድመው የወጡት ሮዝ ናቸው። ከዚያ የወጡት ሐምራዊ። በመጨረሻ የፈኩት ዘጠኝ ራሶች ግን ሰማያዊ ነበሩ፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ። ምንጣፉ አራት ሜትር ነው። ዘጠኝ ራስ ተበትኖ የትሪ ያህል ቢሸፍን ነው።

ደረጃዋ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እጇን ሽርጧ ላይ አድርጋ ባሕሩን አየች።

ኩስቶዲያ ከግጦሽ አጥር የቀጠፈችውን ሰማያዊ አበባ በትልቅ ቅርጫት ይዛ መንገዱን ተሻገረች። "ውሰጂ" አለች። "ማን ያያል?"

"እሷ ታያለች" አለች እትዬ ዴኦሊንዳ በአገጯ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያሳየች። "ከገዛ ቁጥቋጦዬ ነው ያልኳት። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደግ የሆንሽልኝ?"

"ለአንቺ ብዬ አይደለም። ሰውዬሽ ይታጠብ ብዬ ነው። ነፋሱ ወደ እኔ ቤት ነው።"

እትዬ ዴኦሊንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ሳቀች። ተነሥታ አበባውን እንደ ቀለሙ ለየችው። ሮዙን ከመንገዱ በኩል፣ ሐምራዊውን መሐል፣ ሰማያዊውን መጨረሻ ላይ፣ ምስሏ በምትቆምበት ቦታ አነጠፈችው። ኩስቶዲያ ሳትጠየቅ ተንበርክካ ሐምራዊውን ታስተካክል ጀመር፤ ዝም ብላ ግን አልነበረም፤ ጠማማ ነው፣ ጠማማ ነው እያለች ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ምስሏን አራት ጺማሞች ተሸክመዋት መጡ፤ ከፊት ኤቫሪስቶ አለ። ሮዙን አለፉ፤ ሐምራዊው ላይ ደረሱና ቆሙ። ሰማያዊው አንድ እርምጃ ፊታቸው ነው። ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ።

"ኤቫሪስቶ" አለች እትዬ ዴኦሊንዳ በሹክሹክታ። "አንድ እርምጃ።"

"ከባድ ናት።"

"አንድ እርምጃ፣ አንተ ጺማም። ዤርማኖን አስበው።"

ዤርማኖ ከኋላ ቆሞ ነበር። ኤቫሪስቶ ነፋሱ ሲደርሰው አሰበው፤ አራቱም አንድ እርምጃ ተራመዱ። እመቤታችን ሰማያዊው ላይ ቆመች። እትዬ ዴኦሊንዳ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ እኔም የራሴን ምስጋና እያደረስኩ ነበር።

ከቅዳሴው በኋላ ዤርማኖ የክት ልብሱን እንደለበሰ ሳሙና ይዞ ቀጥ ብሎ ባሕር ገባ። ኩስቶዲያ ከመስኮቷ አጨበጨበች።

ያን ዓመት ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚያ ሦስት ቀለም ምንጣፍ ነበር። በሚቀጥለው ጸደይ በኩስቶዲያ ደጅ ሳልፍ የኖራ ባልዲ ይዛ ቁጥቋጦዋ ሥር አጎንብሳ አገኘኋት። ስታየኝ ቀጥ አለች።

"ግድግዳ ልቀባ ነው" አለች።

ግድግዳው ከእሷ ስምንት ሜትር ይርቃል።

"ለነገሩ ሊበራቶ፣ ሮዝ እንዲሆን ስንት ባልዲ ይፈልጋል?"

ከመንገዱ ማዶ፣ ከእትዬ ዴኦሊንዳ መስኮት፣ መልሱ ከእኔ ቀድሞ መጣ።

"አምስት።"