ሁለተኛ ድምፅ ብቻውን

ዛሬ ማርቲንዴል ሰፈር በነበረው ሰርግ ብቻዬን ዘፍኜ ከመድረክ ስወርድ፣ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጋሼ መኮንን፣ ጠሩኝና "ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?" አሉኝ።

ሦስት ዘፈን ጨርሼ ነበር።

እኔና ሰለሞን ከዘጠናዎቹ ጀምሮ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ የካንትሪ ሙዚቃ በአማርኛ ስንዘፍን ኖረናል። ዜማውን የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ ከሥሩ በሁለተኛ ድምፅ አጅበዋለሁ። ባለፈው ወር "በቃኝ" ብሎ ጊታሩን ሸጠ።

ዛሬ አፌን ስከፍት የወጣው ያው ማጀቢያው ነው። ዜማውን ብፈልገው የለም። ለዚህ ኖሯል እንግዲህ አዲስ የካውቦይ ባርኔጣ የገዛሁት!

ቤት ገብቼ በድሮው ካሴታችን ዜማውን ልለማመድ ሞከርኩ። ሰለሞን ገና ሲጀምር፣ ሳላስበው ከሥሩ ገባሁ።

እስቲ ንገሩኝ፣ አብሯችሁ የኖረ ሰው ሲሄድ ምን ይዞባችሁ ሄደ?