ቀን የወጣው ሸለምጥማጥ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። አባቴ፣ ገበሬ፣ አንድ ጊዜ ከተናገረ የማይመለስ ሰው። እናቴ። ታናሽ እህቴ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ንብ አናቢው ጎረቤታችን፣ አዛውንት። የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ የነበሩት መድኃኒት አዋቂ። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ልጄ፣ ይህን ከመጀመሪያው የምነግርሽ ስትሰሚ ጥፋተኛውን ስትፈልጊ እንዳትደክሚ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐሙሲት ገበያ ወርጄ ነበር። አንድ ቅመም ሻጭ የቀንድ ክዳን ከፈተና በስንጥር ጫፍ ነክቶ አፍንጫዬ ሥር አቀረበው። ዝባድ ነበር፤ ከጥርኝ የሚወጣው። ከባድ፣ ቅባት ያለው፣ ጣፋጭ ይሁን ግም ሳይለይ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀር ሽታ ነው። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ሰውየው፣ «ለራስ ምታት ነው ጋሼ፣ አይጎዳዎትም» አለኝ። ያኔ ያስፈራኝ አውሬ ጥርኝ አልነበረም፤ የጥርኝ ዘመድ ነበር። ፍርሃት ግን እንዲህ ያለውን ልዩነት አይመረምርም።

ያኔ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወድቄ ትምህርት ካቋረጥኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ በራሴ ነው የተማርኩት፤ ይህንንም ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው አንድ የእንስሳት መጽሐፍ ገዝቼ በቃሌ እስክይዘው አነበብኩት። ጥርኝና ሸለምጥማጥ የአንድ ቤት ልጆች እንደሆኑ የነገረኝ እሱ ነው። በህንድና ከዚያ ወዲያ ባሉት ደሴቶች ዛፍ ላይ እየኖሩ ፍሬ የሚበሉ ጥርኞች እንዳሉ፣ የእኛው የአፍሪካው ጥርኝ ግን በምድር እንደሚሄድ፣ ሸለምጥማጥ ብዙ ዓይነት ሆኖ ከሞላ ጎደል ሁሉም አፍሪካ ውስጥ እንደሚገኝ፣ አንዱ ዓይነት ብቻ እስከ ዓረብ አገርና እስከ እስፓኝ እንደ ደረሰ ተምሬበታለሁ። ካርታም ነበረው። ጥርኝ የሚኖርበት በቡናማ፣ ሸለምጥማጥ የሚኖርበት በቢጫ ተቀብቷል። ቡናማው የእኛን አገር ሸፍኖታል። ቢጫው ግን ደጋችንን ዘሎት ያልፋል።

ከካርታው ቀጥሎ ሁለት ቅጠል ተገንጥሎ ነበር። ሻጩ በርበሬ ጠቅልሎበት ይሆናል። እኔ ያለኝን እንጂ የጎደለኝን አልቆጠርኩም።

ግንቦት ላይ ነው፣ እሑድ ረፋድ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ። ሌሊት በጣለው ዝናብ መሬቱ ይተናል፤ ፀሐዩ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። እኔና እህቴ ጓሮ ጌሾው ሥር ነበርን። ዶሮዎቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። ዞር ስንል አንድ አውሬ በመሀላቸው እየተራመደ ይመጣል። ድመት ያህላል፤ ሰውነቱ ረዘም፣ እግሩ አጠር ያለ፣ ነጠብጣብ፣ ጭራው በጥቁር ቀለበት የተከበበ። ዶሮዎቹን አላያቸውም። እኛንም አላየንም። መንገድ እንደ ጠፋው ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ቆመው ነበር። «ተው ልጄ፣ አትጠጋው። ሸለምጥማጥ ነው።»

«አይደለም አያ። ጥርኝ ነው፤ ግልገል ጥርኝ።»

«ጥርኝማ ውሻ ያህላል። ይኸን ድመት ነው ጥርኝ የምትለኝ?»

«ግልገል ነው አልኩዎት እኮ። ሸለምጥማጥ በእኛ ደጋ የለም። ካርታው ላይ የለም።»

«እህ። እንግዲያ አምና ሰባት ዶሮዬን የጨረሰው ካርታው ነዋ።»

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሸለምጥማጥ የሚባለውን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ሌሊት የሚሄድ ነው፤ ዶሮ ሲጠፋ ስሙን ብቻ እንሰማለን። ያ ሳቅ ግን ጆሮዬን አጋለው።

አዛውንቱ ቀልዳቸውን ተዉት። «ሸለምጥማጥም ይሁን ጥርኝ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው መሀል የሚገባ አውሬ ጤና የለውም። ዶሮ አጠገቡ ቆማ አያያትም እኮ። በድንጋይ በለውና ቅበረው።»

እኔ ግን ለእህቴ ጋቢዬን አቀበልኳት። አውሬው ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ዝባዱን በቀንድ ሞልተን ስንሸጥ ታየኝ፤ ከዚያም ይበልጥ አዛውንቱ ስሕተታቸውን ሲያምኑ ታየኝ።

«ይነክስ የለ?» አለችኝ።

«ጥርኝ በግልገልነቱ ከተያዘ ይለምዳል። እርግጠኛ ነኝ። ጣይበት።»

ጣለችበት፤ ጎንበስ ብላም አቀፈችው። ከጋቢው ውስጥ ሻካራ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣ። «ወይ ጣቴን» አለች፣ ቀስ ብላ፤ አውሬውን ግን አልለቀቀችም። አውራ ጣቷ ሥር ሁለት የደም ነጥብ ነበር። ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቄ አሰርኩላት። አውሬውን በትልቅ ቅርጫት ደፋሁበትና ድንጋይ ጫንኩበት።

ያቀረብንለትን ሥጋ አልነካም። ቅርጫቱን ይነክስ ነበር። በማግስቱ አገጩ በለሃጭ ረጥቦ፣ የኋላ እግሩ እየተጎተተ አየሁት። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ቅርጫቱን ሳነሣ ሞቷል፤ ጥርሱ በቅርጫቱ ስንደዶ ተሞልቶ። ጀርባው ላይ አምስት ጥቁር መስመር ከትከሻው እስከ ጭራው ተዘርግቶ ነበር። መጽሐፉ የሰጠኝ የጥርኝ ሥዕል እንዲህ ያለ መስመር አልነበረበትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያኑ መጽሐፍ ሙሉ ቅጂ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አገኘሁ። የጎደለኝ ገጽ ላይ ሌላ ካርታ አለ፤ ትንሽ የቀለም ጠብታ፣ የእኛ ደጋና ጥቂት ዙሪያው ብቻ። በእኛ ተራራና በአካባቢው ካልሆነ በሌላው ዓለም የማይገኝ ሸለምጥማጥ ነው ይላል፤ ጀርባው ላይ አምስት መስመር ያለው። አዛውንቱ ያለ መጽሐፍ ያወቁትን እኔ በመጽሐፍ ካድኩት።

ያኔ ግን የአውሬውን ሬሳ በጆንያ ጠቅልዬ ገደሉ አፋፍ ቀበርኩት። ለቤት ሰው፣ «አመለጠ» አልኩ።

እህቴ፣ «እንኳን አመለጠ፤ አሳዝኖኝ ነበር» አለች።

ጎረቤታችን በአጥሩ ጠየቁኝ። «ያ ካርታህ ላይ የሌለው የት ደረሰ?»

«አመለጠ አያ።»

 «ካመለጠስ ደግ» ብለው ወደ ቀፏቸው ሄዱ።

ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ ከታች መንደር አንድ ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ሲሞት ሰምቻለሁ። በቤቱ ምሰሶ አስረውት፣ ደጅ ላይ ሴቶች ውሃ ከእንስራ ወደ እንስራ ሲገለብጡ ድምፁን ሰምቶ ነው የጮኸው። ያ ጩኸት ተመልሶ መጣብኝ። እህቴ የውሃውን ቅል ወደ አፏ ስትወስድ ጉሮሮዋን አያለሁ። ስትውጥ እኔም እውጣለሁ። አንድ ቀን ትን ብሏት ስትስል እጄ ላይ የነበረውን ድጅኖ እግሬ ላይ ጣልኩት። ቁስሏ ግን ደርቋል፤ ለሚኒስትሪ ፈተና እያጠናች ጮክ ብላ ታነባለች፤ ትዘፍናለች። ደህንነቷ ራሱ አስፈራኝ።

በዘጠነኛው ቀን አባቴ ሞፈሩን አቁሞ ሲያርፍ ሄድኩና ሁሉን ነገርኩት።

አልመታኝም። «የት ነው የቀበርከው?» አለኝ። አሳየሁት። ቦታውን አይቶ ከባድ ድንጋይ አንከባሎ ጫነበት። «ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ። አንተ ዝም በል። ዝም ማለቱን ትችልበት የለ።»

በዚያው ቀን እህቴን ወደ መድኃኒት አዋቂው ወሰዳት። የተወቀጠ ሥር በወተት በጥብጠው አጠጧት። ደግ ሰው ነበሩ፤ ዋጋ አልተቀበሉም። ትእዛዛቸው ግን ጥብቅ ነበር። «አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር። ከተሻገረች መድኃኒቱ ይሻራል፤ በሽታው ይነሣል። እኔም ከዚያ በኋላ አልጠየቅም።»

እኛ ያለነው ከጉማራ ወንዝ ወዲህ ነው። ደብረ ታቦር ከወዲያ ነው።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ከተማ ወጣሁ። ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ፣ «ምንድን ነው የነከሳት?» ስትለኝ ስለ ሸለምጥማጥና ስለ ጥርኝ ልዩነት ማስረዳት ጀመርኩ። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ካበደ ሁሉም ለእሷ አንድ ነው። ስንት ቀን ሆናት?»

«ዐሥር።»

እስክርቢቶዋን መልሳ አነሣች። ከዚያ፣ «ነገ በጠዋት አምጣት። መርፌው ሆዷ ላይ ነው፤ በየቀኑ ትወጋለች። ዘግይታችኋል፤ ግን አምጣት» አለችኝ።

ያን ቀን ማታ እቤት ማንም እራት አልቀመሰም። አባቴ እሳቱን እያየ፣ «መድኃኒቱን ሽረን ስናበቃ መርፌውም ዘግይቶ ቢገኝስ? ሁለቱንም አጥተን?» አለ። ግትርነት አልነበረም። እንደኔው ፈርቶ ነበር። እናቴ፣ «እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ከሁለታችሁም ጋር ነኝ» አለች።

እህቴ ከጓዳ ወጣች። «እኔ እኮ እዚሁ ነኝ። ስለ እኔ አይደል የምታወሩት?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድም ዓለም፣ መርፌው ያድነኛል?»

በሕይወቴ መልስ ያጣሁበት ጥያቄ አልነበረም፤ ባላውቅም እመልስ ነበር። «አላውቅም» አልኳት። «ዘግይታችኋል ብላኛለች። ያዘገየሁሽ እኔ ነኝ። አመለጠ ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው፤ ሞቷል።»

ፊቷ እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም። ወደ አባቴ ዞራ፣ «እንሂድ አባየ» አለችው። «አላውቅም ሲል ሰምቼው አላውቅም። ዛሬ እውነቱን ነው።»

ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ዳር ደረስን። ጉና ተራራ ላይ ሲዘንብ አድሮ ጉማራ ቀይ ሆኖ፣ እንጨት እየገፋ ይወርዳል። ውሃውን እንዳታይ አባቴ የእናቴን ነጠላ አጥፎ የእህቴን ፊት ሸፈነው። እግሯ ውሃ እንዳይነካ አዘላት። ትእዛዙን እያፈረሰ፣ የቻለውን ያህል ደግሞ እየጠበቀ ነበር። እኔ ከፊት ሆኜ በዱላ ጥልቀቱን እለካለሁ። እናቴ ዳር ቆማ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መሀል ስንደርስ ውሃው ከአባቴ ወገብ በላይ ሆነ፤ ድምፁም ጆሮ ይደፍናል። ከነጠላው ሥር ጩኸት እጠብቅ ነበር። አሁንም ክረምት ሲገባ፣ ጣራዬ ላይ ውሃ ሲንኳኳ፣ እዚያው መሀል ቆሜ ያንን ጩኸት እጠብቃለሁ።

አባቴ ቆመ። «ድምፁን ትፈሪዋለሽ?» አላት።

«አልፈራም አባየ። ብርድ ነው እንጂ።»

አባቴ ወደ ላይ አስተካክሎ አዘላትና መራመዱን ቀጠለ። 

ሆዷ አብጦ እስኪጠነክር ድረስ በየቀኑ ተወጋች። መርፌው ካለቀም በኋላ አባቴ አንድ ጊዜ የሻርኩት ይበቃኛል ብሎ አርባው ቀን ሳይሞላ ወንዙን መልሶ ሊያሻግራት አልፈቀደም። ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን ከረምን። ፈተናው በዚያ መሀል፣ በመንደራችን በኩል ባለው ትምህርት ቤቷ ተሰጠ። ጠዋቱን ሙሉ የቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ ታይ ነበር። 

ዳነች። መርፌው ይሁን፣ ሥሩ ይሁን፣ የእናቴ ጸሎት ይሁን አላውቅም፤ ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ለምጄዋለሁ። ያመነበትን ነገር ሁሉ «እርግጠኛ ነኝ» ብሎ የሚናገር ሰው ሌላውን አስቀድሞ ነው የሚያስነክሰው። ስለዚህ ነው ቃሉን ከአፍሽ ስሰማ የምቆጣሽ።

ያስከፈለንን ደግሞ ልንገርሽ። አባቴን አንድ የእርሻ በሬ አስከፈለው፤ ለኪራዩና ለቀለባችን ተሸጠ። መድኃኒት አዋቂውንና አባቴን ወዳጅነታቸውን፤ ወንዙን መሻገራችንን ሲሰሙ አዋቂው አልተቆጡም፣ ሰላምታ መስጠት ግን ተዉ፤ ሁለቱም ሳይታረቁ ዐረፉ። ጎረቤታችን ከዚያ በኋላ በአጥራችን ሲያልፉ ምክር መስጠት አቆሙ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሙሉ እንቅልፍ አልተኛችም። እህቴ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም፤ እብናት ተዳረች፣ እህል ትነግዳለች፣ ልጆቿን ታስተምራለች። እኔ ስሄድ በአክብሮት ታስቀምጠኛለች፣ አጎንብሳ እጄን ታስታጥበኛለች፣ እንደ እንግዳ። እኔን ያስከፈለኝ ይኸው ነው። ያን ጠዋት አባቴ ማዶ ዳር አውርዷት ነጠላውን ከፊቷ ሲያነሣ፣ ከጀርባው የወረደችው ትንሿ እህቴ አልነበረችም።