«ኖ» ማለት «ነው» አይደለም

ሌላው ሰው ካገሩ የሚወጣው በሌሊት ነው ይባላል። እኔ ከጉና የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየኝ ነው፤ የሰረቅሁት የለማ! የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም በሐሰት ምስክር የገብስ ማሳዬን ወስዶ፣ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ እጦርሻለሁ» አለኝ። በገዛ መሬቴ ተጧሪ! አባቴ ቄሱ ያስቆጠረኝን ዳዊትና አንድ ቁርበት በአህያዬ ጭኜ ስሄድ፣ ያው የባሌ ወንድም ከኋላዬ «ገብሱ ሳይታጨድ ትመለሻለሽ!» ብሎ ጮኸ።

ደብረ ታቦር ላይ ለአንድ ፈረንጅ ዳቦ ጋጋሪ ሆንሁ። ማደሪያዬ የአንዲት ሴትዮ ጎጆ ናት። ገና ከበሩ ላይ፣ «የጉና ሰው ብርድ ይዞ ይገባል፤ ቤቴን እንዳታቀዘቅዥው» አለችኝ። ብርድ በአቁማዳ ይጫናል እንዴ? እዚህ ብርድ ብለው የሚንቀጠቀጡበትን እኛ ጋቢ አውልቀን እንሞቀው ነበር። የገብስ በሶአቸውንማ ተዉት፤ አፍ ውስጥ እንደ አመድ ይበተናል።

ፈረንጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አንደበቱ አይታዘዝለትም። ውሃ ሲጠይቅ እሳት፣ እሳት ሲጠይቅ ዶሮ እየቀረበለት ቢመረው፣ እኛን ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንግሊዝኛ ሊያስተምረን ተነሣ። ደረቱን እየመታ «አይ» ይላል። ምን እምቢ እንዳለ ግራ ገባን። ለካ «እኔ» ማለቱ ነው! ወደ እኔ አመልክቶ «ዩ» አለ። ወደ በቅሎ ጫኙም «ዩ»።

«ለሽማግሌ አንቱ የሚባለው እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» አልሁት።

«ዩ።»

«ለውሻስ?»

«ዩ።»

ሦስት ቀን አኮረፍሁት። በኋላ ሳስበው ግን ለንጉሥም «ዩ» ከሆነ እኔን ምን አስቀየመኝ? እንዲያውም ትክክለኛ ፍርድ እንዲህ ነው።

የባሰው «ኖ» ነው። ሊጥ ላይ ጨው ስጨምር «ኖ! ኖ!» አለ። «ነው፣ ነው» ያለኝ መስሎኝ አንድ እፍኝ ደገምሁለት። ዳቦውን ውሻው እንኳ አልነካውም።

ሴትዮዋ ጎጆዋን ለእኅቷ ፈልጋው ኖሮ፣ የፈረንጁ በግ ቢጠፋ ሰረቀች ብላ ዳኛ ፊት ከሰሰችኝ። ከተፈረደብኝ ከከተማው መባረሬ ነው። ወደ ጉና፣ ሌባ ተብዬ፣ ያውም ገብሱ ሳይታጨድ!

ዳኛው ከወይራው ሥር ተቀምጠው፣ «አንተ ፈረንጅ፣ በግህን የሰረቁት እኒህ ሴት ናቸው?» አሉት።

ፈረንጁ ተቆጣ። «ኖ! ኖ!»

«ነው፣ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ መሰከረ።»

«ጌታዬ፣ ኖ ማለት እኮ አይደለም ማለት ነው!» አልሁ።

«ምኑ ነው አይደለም?»

«ነው ያለው!»

«ነው ካለማ ነው።»

«ኖ!» አለ ፈረንጁ፣ ሊያግዘኝ።

«ይኸው፣ ሦስተኛ!» ብላ ሴትዮዋ እልል አለች።

መቀነቴን አጠበቅሁ። «ጌታዬ፣ ሴት ነህ ወይ ብለው ይጠይቁልኝ። ነኝ ካለ እኔም ሌባ ነኝ።»

ዳኛው ጠየቁት። ፈረንጁ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ጢሙን በሁለት እጁ ጨብጦ «ኖ! ኖ! ኖ!» አለ።

ዳኛው ያን የሚያህል ጢም ትኩር ብለው አዩና፣ «ይህ ሴት ከሆነ እኔም መነኩሲት ነኝ። እሜቴ፣ ነጻ ነዎት፤ ከጎጆውም የሚያስወጣዎ የለም» አሉ።

በጉ በማግስቱ በገዛ እግሩ መጣ። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን በጉም ሴትዮዋም የለም።

ባለፈው ቅዳሜ የጉናው ሰፈራችን ዲያቆን ለገበያ መጥቶ አገኘኝ። «እማማ፣ ገብሱ እኮ ታጨደ» ብሎ ከአቁማዳው አንድ እፍኝ ሰጠኝ። የማሳዬ ገብስ ነው። አሸተትሁት። የጉና ንፋስ አለበት።

«ታዲያ አገር ቤት ላሉት ምን ልበላቸው? መምጣትዎ ነው?»

«ኖ» አልሁት።

ፊቱ በርቶ፣ ምሥራቹን ሊያደርስ በቅሎውን ኮልኩሎ ሄደ። ጠርቼ ላርመው አፌን ከፈትሁ፤ ግን ገብሱን ቃምሁበት። በየትኛው ቋንቋ እንደመለስሁለት፣ ልጆቼ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።