መስጊድ የገነባሁበት ዓመት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ድንጋይ ማቀበል ነበር። መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ አጠገብ የቤተ ክርስቲያን አጥር ይገነባል። ፎርማኑ ከላይ እስከ ታች አየኝና «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። «የጌታነህ» አልኩ። «የሰለመው?» ብሎ ሳቀ። «በል ተሸከም፤ ድንጋይ ሃይማኖት የለውም።»

ግንበኛ የሆንኩት ወድጄ አይደለም፤ መሬት ስላልነበረኝ ነው። አባቴ በንጉሡ ዘመን ለሥራ ቆላ ወርዶ ሰለመ። «የሰለመ ርስት የለውም» ብለው አጎቶቼ እርሻውን ተካፈሉት። እኔ ያኔ ገና ጡት አልተውኩም ነበር። «አባትህ ለአንድ ጉርሻ ሥጋ ሃይማኖቱን ሸጠ» እየተባልኩ አደግሁ። አመንኩ፤ ጠላሁት። ደርግ መሬት ሲያድል ደግሞ አዲስ አበባ ድንጋይ ስጠርብ ስሜ ሳይመዘገብ ቀረ።

ከአቀባይነት ወደ ጠራቢነት፣ ከጠራቢነት ወደ ግንበኛነት ዓመታት ፈጀብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ፕላን የማያነብ ፎርማን አይሆንማ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንደቆየ፣ ከመንዝ ገደል ሥር ካለች የቆላ ከተማ ሰው ተላከብኝ። መስጊድ ሊሠሩ ነው፤ ድንጋይ የሚያውቅ ፎርማን ይፈልጋሉ። ሚስቴ አስካለ «ደግሞ አንተም?» አለችኝ። «ልገነባ ነው እንጂ ልሰግድ አይደለም» አልኳትና የጓሳን ደጋ አቋርጬ ገደሉን ወረድኩ።

አሠሪዬ ሼህ ይመር የሚባሉ ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ። በየቀኑ ቱንቢውን ራሳቸው አንጠልጥለው የግንቡን ቀጥታ ይለካሉ። «ይሄ ጥግ ወደ መንዝ አዘንብሏል።» «እርስዎ ዘመም ብለው ቆመው ነው» እላቸዋለሁ። በዚህ ተግባባን። ስለ አባቴ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ልሰማው አልፈልግም ነበር።

የገና በዓል በዋለ በሳምንቱ ሥራው አለቀ። ለምረቃው በሬ ጣሉ። በእኛ አገር ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ የበላ እንደ ሰለመ ይቆጠራል። ሼሁ ይህን ስለሚያውቁ ከነነፍሱ አንድ በግ ሰጡኝ። ከግቢው ጀርባ ወስጄ በስመ አብ ብዬ አረድኩት። ስህተቴ ወደ ጀርባ መሄዴ ነው። በግ ሊሸጡ የወረዱ ያገሬ ሰዎች ያዩኝ ድግሱ መሐል ተቀምጬ ሥጋ ስቆርጥ ብቻ ነው።

ወሬው ቀድሞኝ አገር ገባ። ልጄ ከጥምቀት በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። ጎረቤቴ ደምሰው፣ የሙሽራው አባት፣ የነፍስ አባታችንን መምሬ ተክሌን ይዞ ደጄ ላይ ጠበቀኝ።

«እንደ አባትህ በላህ! ልጄን እስላም ቤት አልድርም» አለኝ።

«በጉን ራሴ ነኝ ያረድኩት።»

«ምስክርህ ማነው?»

ምስክሮቼ እስላሞች ናቸው። «የሰጡኝ ሼሁ ናቸው» አልኩ። ልጄ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

መምሬ ተክሌ «ሰውየው ይጠሩና ይጠየቁ» አሉ።

«የእስላም ምስክርነት ልንሰማ?» አለ ደምሰው።

«የምንጠይቃቸው ስለ በግ ነው እንጂ ስለ ቅዳሴ አይደለም» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ሼህ ይመር በበቅሎ ገደሉን ወጥተው፣ ጋቢ በጋቢ ደርበው መጡ። «ይሄ ብርድ ለእስላምም ለክርስቲያንም አያዳላም» ብለው ከበቅሏቸው ወረዱ። «በጉን እኔ ሰጠሁት፤ እሱ አረደው። ከበሬያችን አንዲት ቁራጭ አልቀመሰም። እንዲያውም ተቀይሜዋለሁ።»

ደምሰው ግን አልተዋጠለትም። «አባቱ ጌታነህስ?»

ሼሁ ደንገጥ አሉ። «ጌታነህ? ያ ጥርሰ ፍንጭቱ? አንተ የሱ ልጅ ነህ?» ወደ እኔ ዞሩ። «እሱም እኮ አልበላም ነበር። እኛ ቤት ተቀምጦ ስላዩት በላ ተብሎ ተወራበት። ሊያስረዳ ወደዚህ ወጣ። ወንድሞቹ እርሻውን አርሰው ጠበቁት፤ በድንጋይ አባረሩት። ተመልሶ ወደ እኛ ወረደ። የሰለመው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ያኔ ለምን አልመሰከሩለትም?» አልኩ። ጮኼ ነበር።

«ጎረምሳ ነበርኩ። በንጉሡ ጊዜ የኔን ቃል ማን ይሰማ ነበር? ቢሰሙኝም ባይሰሙኝም ግን መምጣት ነበረብኝ። አልመጣሁም።»

ደምሰው ተነሥቶ ወጣ። አኩርፎ ሄደ ብለን ስንጠብቅ ከቤቱ ሙክት እየጎተተ ተመለሰ። ቢላዋውን ለሼሁ ዘረጋላቸው። «በራስዎ እጅ ይረዱት። ደክሞዎታል፣ እርስዎ ሥጋዎን ይብሉ፤ እኛ ቆሏችንን እንቆረጥማለን።»

አስካለ እልል አለች። ያን ቀን ነው ከስንት ዓመት በኋላ እፎይ ያልኩት። ልጄ በተቆረጠላት ቀን ተዳረች። አባቴን መጥላት አቆምኩ። አጎቶቼን ግን አልማርኳቸውም፤ ሞተዋል፣ ግድ የለኝም።

ለሥራ ቆላ የምትወርዱ ግንበኞች፣ በጋችሁን ያገራችሁ ሰው በሚያይበት እረዱ። በሐሰት የሚወራበት ሰው ካለና እውነቱን ካወቃችሁ ደግሞ፣ ጊዜው ሳያልፍ ገደሉን ወጥታችሁ ተናገሩ።